የኔታ ያቆሙባት ቦታ

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ ለወይዘሮ ፋና ክንፈ
ደብረ ታቦር

የአባቶቻችን አምላክ ደጅሽን ከክፉ ወሬ፣ ጉልበትሽን ከድካም ይጠብቅልኝ። እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ። በመንፈሴ ግን እንደ ተመታ ሰው ሆኜ ነው ይህን የምጽፍልሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ለሰላምታ እንጂ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚበቃ ስላልመሰለኝ ነው። ደብዳቤውን ወደ አገር ቤት የሚመጣ የማኅበራችን ሰው ያደርስልሻል።

ባለፈው ቅዳሜ በፓሳዴና የመኪና ማቆሚያ የምጠብቅበትን ተራዬን ጨርሼ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው ወደ አቶ አሰፋ ምግብ ቤት ሄድሁ። አቶ አሰፋ የማኅበራችን ሰብሳቢ ነው። የቀጠረኝም በአባትሽ በየኔታ ክንፈ ስም ልንከፍተው ስላሰብነው የዜማ ትምህርት ቤት ልንመክር ነበር። ወራቱ ጽጌ ነውና ሽሮ አዝዤ ተቀመጥሁ። ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሳክስፎን ይነፋ ጀመር፤ ከሥሩም ፒያኖ። ሌላ ምንም የለም፣ ሁለት መሣሪያ ብቻ። በዚህ አገር ጃዝ የሚሉት ነው። ልብ ሳልለው ልበላ ስል አንዲት ዜማ ከሳክስፎኑ ውስጥ ወጣች። እጄ ትሪው ላይ ቀረ።

ፋና፣ ዜማዋ የእኛ ናት። የኔታ በዘመነ ጽጌ ጎሕ ሲቀድ በአራራይ የሚያነሷት፣ በዚያ አካሄድ ከእርሳቸው ደቀ መዛሙርት በቀር ማንም የማያዜማት። በአሥራ ስምንት ዓመት ስደቴ ከራሴ አፍ በቀር ከማንም አፍ ሰምቻት አላውቅም። አሁን ከናስ ቧንቧ ውስጥ፣ ሰው ቢራ እየጠጣ፣ ሰማኋት!

«ይህን ማን ነው ያመጣው?» አልሁ።

«አሪፍ ነው አይደል፣ መሪጌታ?» አለኝ አቶ አሰፋ ደስ ብሎት። «የልጆቻችን ሥራ ነው እኮ! አዲስ አልበም ነው፣ ‹የጽጌ ማለዳ› ይባላል። ጌድዮን ነው የሚነፋው፤ እዚሁ ክሬንሾው ሰፈር ነው ያለው።»

ሥዕሉን በስልኩ አሳየኝ። የየኔታን ግንባር አየሁ። ልጅሽ ነው። በዲቪ ከመጣ አምስት ዓመቱ እንደ ሆነ፣ ሳክስፎን መንፋት እንደ ጀመረም አውቃለሁ። አልደገፍሁትምና ቤቱን ረግጬ አላውቅም። እንዲህ ይደፍራል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ከዚህ የባሰ አለ። ዜማዋ ከፍ ካለችበት ልትወርድ ስትል በድንገት ተቋረጠች። ሳክስፎኑ ዝም አለ፤ ፒያኖውም ዝም። ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ቀና አልሁ። ስድስት ሰባት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ፣ ምንም እንዳልጎደለ ሁሉ ወዲያ ማዶ ካለው ቃል ቀጠለ። መውሰዱ ሳያንሰው ቆርጧታል! ራሴን መግዛት አቅቶኝ ተነሣሁና በሰው ሁሉ ፊት «ሐሰት ነው! የኔታ እዚያች ቦታ ላይ ቆመው አያውቁም! ከእግራቸው ሥር ያልተለየሁ እኔ ምስክር ነኝ!» አልሁ።

አንድ የታክሲ ሹፌር «መሪጌታ፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው» አለ። ሳቁብኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ በእናትነት ሥልጣንሽ ያቺን ዜማ ከአልበሙ እንዲያወጣት እዘዢው። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የዜማውን ትምህርት ቤት ወንበር እኔ እንድይዝ ቆርጧልና ከየኔታ ቤተሰብ የምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ቃሉ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለናል፦ «መሪጌታ ለይኩን አባቴን እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለው፣ ምርቃታቸውን ተቀብለው፣ የወንበራቸው ወራሽ ሆነዋል።» የአጻጻፍ ሥርዓት ስለ ሆነ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

በሥጋ የአያትሽ ወንድም የልጅ ልጅ፣ በትምህርት የአባትሽ ልጅ፣
መሪጌታ ለይኩን


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሪጌታ ለይኩን

በሰው አገር የቆሙበት መሬት ይርጋልዎ፤ ልጆችዎም ለወግ ለማዕረግ ይብቁልዎ። እኛ ለክብሩ ይመስገን አለን። መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ደብዳቤዎ የደረሰኝ ገና በኅዳር መጨረሻ ነው። መልሱ ከዚያ በኋላ የቆየው ግን በመንገድ ምክንያት አይደለም።

ልጄ አልበም ማውጣቱን አልነገረኝም ነበር። ከእርስዎ መስማቴ አስደነገጠኝ። በግቢዬ ተከራይታ የምትኖረው መምህርት ሔርሜላ በስልኳ ፈልጋ አሰማችኝ። እርስዎ ያሏት ቦታ ስትደርስ ሔርሜላ «ኔትዎርኩ ነው፣ እማማ» ብላ ስልኩን መነካካት ጀመረች። እጇን ያዝኩትና «ተዪው» አልኳት።

ስለ ዜማዋ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። አሁን አልችልም።

ስለ ምስክር ወረቀቱ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማኅበሩ «እስከ ዕለተ ሞታቸው» የሚለውን ቃል ከማን ሰማው?

የአባቴን ስም በሩቅ አገር ለማስጠራት በማሰብዎ አመሰግንዎታለሁ።

እኅትዎ ፋና ክንፈ


ሎስ አንጀለስ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ ፋና

የጥምቀት በረከት በቤትሽ ይደር። ደብዳቤሽ አጭር ሆነብኝ። ስለ ምስክር ወረቀቱ የጠየቅሽኝ የኮሚቴ ቋንቋ ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በየትም ቢሆን በዚህ ቃል ይጻፋል። በዚህ አንዘግይ። ወንበሩ የሚተከለው በዳግም ትንሣኤ ነው። አዳራሹ ተይዟል፤ ጥሪውም ተበትኗል።

አንቺ ዝም ስትዪ ጊዜ እኔው ራሴ ከምኖርበት ከሃውቶርን ተነሥቼ ክሬንሾው ድረስ ሄድሁ። ይህን የማደርግ ሰው እንዳልነበርሁ ታውቂያለሽ። በሩን የከፈተችልኝ ፒያኖውን የምትመታው ሐሌታ ናት። የሐበሻ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ግን እዚሁ ነው።

«ሃይ! አንተ ነህ መሪጌታ?» አለችኝ።

ጌድዮን ከውስጥ «አንቱ በይ! አንቱ!» ብሎ ጮኸ።

«ሶሪ፣ ሶሪ። አንቱ ነህ መሪጌታ?»

ምን ልበላት? ገባሁ። ቤቱ ከፒያኖው መቀመጫ በቀር ሌላ መቀመጫ የለውም። ልጅሽ የፒያኖውን መቀመጫ ለእኔ ሰጥቶ እርሱ ቆመ፤ ሥርዓቱ አልጠፋውም። ያሰብሁትን ተግሣጽ አንድ በአንድ ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ጋሼ፣ እኔ ቅዳሴ አልሸጥኩም። ቃል የለበትም። አያቴን ነው የተጫወትኩት» አለኝ።

«አያትህን ከሆነ ያን ክፍተት ለምን አስገባህበት?»

«አላስገባሁትም። ዜማው እንደዚያ ነው።»

ያቺ ልጅ ደግሞ ገባችበት። «እኔም ታይርድ ሆኜበታለሁ! ሳክሱ ሲያቆም ፒያኖው ነው መግባት ያለበት፤ ሁለት ሰው እኮ ነን። እኔ ልገባ ስል ሁሌ ‹ዌይት› ይለኛል። ኦኬ፣ ካውንት ላድርገው፣ ስንት ቢት ነው ስለው፣ ቢት የለውም ይለኛል። ሶ፣ እጄን አንስቼ ዝም ብዬ አየዋለሁ።»

«ከማን ተማርኸው?» አልሁት።

«ከአያቴ ነዋ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት እግራቸው ሥር ተኝቼ እሰማቸው ነበር። እዚያ ጋ ሁልጊዜ ያቆሙ ነበር።»

ፋና፣ የስምንት ዓመት ልጅ ጆሮ ነው ብዬ ነው እንጂ ዋሸ ብዬ አልፈርድበትም። እኔ ከየኔታ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። በክረምት በበጋ፣ በደኅና ቀናቸው በሕመማቸው፣ ያችን ዜማ ሲያነሷት አብሬ ነበርሁ። አንድ ቀን እንኳ እዚያች ቦታ ላይ ዝም ብለው አያውቁም። ትክክለኛውን ይስማ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቋርጥ አዜምሁለት። ሐሌታ እንባዋ መጣ። እርሱ ግን ግራ ገብቶት ያየኝ ነበር። በመጨረሻ ያለኝን እስካሁን አልተረዳሁትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲያዜሙት ሁለት ሰው ይመስላሉ» አለኝ።

ያም ሆነ ይህ ልቤ ትንሽ ራርቷል። አነፋፉ ንጹሕ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ስለዚህ ዜማዋ ከአልበሙ ትውጣ ማለቱን ትቻለሁ። እንደገና ሲያሳትሙት ግን ያችን ክፍተት ይድፈናት፤ ሽፋኑም ላይ «መሪጌታ ለይኩን ያረሙት» የሚል ይጻፍበት። ከእኔ አልቀበልም ብሏልና አንቺ ንገሪው። የምስክር ወረቀቱንም ከዐቢይ ጾም አጋማሽ በፊት ላኪልኝ፤ ልመናዬ ነው።

ወንድምሽ መሪጌታ ለይኩን


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

መሪጌታ ለይኩን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በምርቃት እንዳልጀምር እጄ እንቢ ስላለኝ ይቅር ይበሉኝ።

«የኔታ እዚያች ቦታ ላይ ቆመው አያውቁም» ብለው በሰው ፊት መስክረዋል። ለእኔም ሁለት ጊዜ ጽፈውልኛል። እውነትዎን ነው። እርስዎ ባሉበት ቆመው አያውቁም።

ነገሩን ከመነሻው ልጻፍልዎ፤ የምናውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነንና። በነሐሴ 1998 አባቴ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ እርስዎ መድኃኒት ላምጣ ብለው ወደ ጎንደር ወጡ። «በሳምንቴ እመለሳለሁ» ብለው ጉልበታቸውን ስመው ነው የሄዱት። ስንቅ የቋጠርኩልዎ እኔ ነኝ። ባለቤትዎ ከአሜሪካ የላኩልዎ ወረቀት እንደ ደረሰ፣ ከጎንደርም ወደ አዲስ አበባ እንደ ተሻገሩ የሰማነው ከነጋዴ ነው። አባቴ ሲነገራቸው «መድኃኒቱ ጠፍቶበት ነው» አሉ። ዘመነ ጽጌ ገባ። መቆም ስላልቻሉ መደባቸው ላይ ተደግፈው ያችን ዜማ ያነሷት ጀመር። ልክ ልጄ የሚያቆምበት ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋሉ።

መሪጌታ፣ ያ ቦታ የማን ነው? የኔታ ይመራሉ፣ እዚያች ላይ ሲደርሱ በቀኛቸው የቆመው ደቀ መዝሙር ይቀበላቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት በቀኛቸው የቆሙት እርስዎ ነዎት። ድምፃቸው ሳይወርድ እርስዎ ያነሡት ስለ ነበር ዝምታ አልነበረም። ዝምታውን እንዴት ይወቁት? እርስዎ ሳሉ አልነበረማ! ልጄ «ሁለት ሰው ይመስላሉ» ያለዎት ይህን ነው። እርስዎ የመሪውንም የተቀባዩንም አንድ ላይ ነው የሚያዜሙት።

እየጠበቁ ነበር። ጠብቀው ሲያበቁ የእርስዎን ተራ ባዶ ትተው፣ ከእርስዎ በኋላ ካለው የራሳቸው ቃል ይቀጥላሉ። በየማለዳው፣ እስከ ኅዳር መባቻ ድረስ። አንድ ቀን ሊጠይቃቸው የመጣ ተማሪ አዝኖላቸው ተቀበላቸው። መቋሚያቸውን አንሥተው መሬቱን መቱና «ቦታው ባለቤት አለው!» ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጁ እያለቀሰ ወጣ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ዜማውን በሙሉ አውቀዋለሁ፤ በግድግዳ ማዶ ተቀምጬ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ነው። ሴት ልጅ በመሆኔ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ኅዳር 3 ቀን 1999 አረፉ። በራስጌያቸው እኔና የስምንት ዓመት ልጄ ብቻ ነበርን። ማንንም አልመረቁም፤ ማንንም አልረገሙም። ልጄ ያ ዝምታ ከዜማው ጋር የተወለደ መስሎት አደገ። እኔም አልነገርኩትም። ከእርስዎ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ከሞቱ ስድስት ወር አልፏቸው ነበር። ስለ ጤንነታቸው ይጠይቁ ነበር። «አርፈዋል» ብዬ ብቻ መለስኩልዎ። ሌላውን ሳልጽፍ የቀረሁት ኅሊናዎ ይነግርዎታል ብዬ ነው።

ለማኅበርዎ ሰዎች ግን ኅሊናዎ የነገረዎ ሌላ ነው! በራስጌያቸው ነበርኩ ብለው አሥራ ስምንት ዓመት አውርተዋል። አሁን ደግሞ በእኔ እጅ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ቆሜ እንደ ነበር እንኳ ያወቅሁት ሔርሜላ «እማማ፣ ቁጭ ይበሉ» ስትለኝ ነው።

የምስክር ወረቀት አልጽፍም። ልጄንም «ድፈነው» አልለውም። እርስዎ ያልተገኙበትን ቦታ እርስዎ ሊያርሙት አይችሉም።

ፋና ክንፈ


ሎስ አንጀለስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፋና ክንፈ

ሰላምታ ለማቅረብ የምበቃ ስላልመሰለኝ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በመጋቢት አጋማሽ ነው። በመኪና ማቆሚያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። መኪኖች ከበሩ ፊት ተሰልፈው ጥሩንባ ይነፉ ነበር፤ አልሰማሁም። አለቃዬ መጥቶ በሩን እየደበደበ «ኦኬ ነህ ወይ?» አለኝ። ምን እንደ መለስሁለት አላውቅም።

አንድም ቃል አልክድሽም። ጎንደር ስደርስ የባለቤቴ ወረቀት መልስ እንዳገኘ፣ የኤምባሲው ቀጠሮም በአሥር ቀን ውስጥ እንደ ሆነ በስልክ ሰማሁ። መድኃኒቱን ገዝቼ ነበር። በሰው እልክላቸዋለሁ አልሁ፤ አልላክሁም። አዲስ አበባ ላይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጣልሁት እኔው ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ እንደ መጣሁ ሰዎች «የኔታ ሲያርፉ ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። መጀመሪያ ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ ኀዘን ቆጠሩልኝ። በዓመቱ «አዎ» አልሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀኝ ሁሉ ያንን ሰው ነው የሚያውቀው።

ለሌላው ሰው ስሕተት ያልራራሁ፣ ጾም ገደፈ ብዬ ከማዕድ ያስነሣሁ፣ ያገባ ዲያቆን ዘፈን ሰማ ብዬ የከሰስሁ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ለራሴ የተለየ ሚዛን ልይዝ አልቻልሁም። በዳግም ትንሣኤ ሕዝቡ በአዳራሹ በተሰበሰበበት ተነሥቼ ሁሉን ተናገርሁ። ወንበሩ በቀይ ግምጃ ተሸፍኖ መድረኩ ላይ ነበር። አልነካሁትም።

አቶ አሰፋ ክንዴን ይዞ በጆሮዬ «መሪጌታ፣ ይሄን እኮ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር! ሰው ሁሉ ከቬጋስ ድረስ ድራይቭ አድርጎ መጥቷል!» አለኝ።

አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር ላይ ሆነው «ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጆቻችንን ‹አትዋሹ› እያሉ ሲቆጡልን የነበሩት እርስዎ አይደሉም?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰዉ ከዚያ በኋላ ተነሥቶ መውጣት ጀመረ፤ ብዙዎቹ ሳይሰናበቱኝ። ምግቡ እንደ ተደረደረ ቀረ።

ልጅሽ ነበር። ሐሌታ ይዛው መጥታለች። ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ መጣ። 

«ጋሼ፣ ሲጠብቁ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«እርስዎን?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ያንን ዝምታ ‹ውብ ነው፣ ውብ ነው› እያልኩ ነው ያደግሁት። ሰው ያጨበጭብልኛል። በጋዜጣ ጽፈውልኛል። ሐሌታን ‹አትንኪው› እያልኩ...» አልጨረሰውም። ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳክስፎኑን ከሣጥኑ አላወጣውም። ሐሌታ ደውላልኝ «ሾው አለን፣ አልነፋም ይላል፤ አንቱ ምን አደረግከው?» ብላ አለቀሰችብኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት ወቀሳ ሁሉ የእርሷ በቀጥታ ልቤ ገብቷል።

ፋና፣ ከዚህ በፊት ዜማው ከአልበሙ ይውጣ አልሁሽ፤ ቀጥሎ ይታረም አልሁሽ። አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ልጅሽ መንፋቱን እንዳይተው ንገሪው። ያችንም ቦታ ማንም እንዳይነካት፤ እኔም ሆንሁ፣ ሐሌታም ሆነች፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣም። እንዳለች ባዶዋን ትኑር። ቢያንስ ያ ቦታ የእኔ እንደ ነበረ ይታወቅልኝ።

የምጠይቀው ሁለተኛ ነገር አለኝ። ወንበሩን ትቻለሁ። ነገር ግን በእሑድ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ልጆች ፊደል አስቆጥር ነበር። እርሱንም ልተው? ፍርዱን ከአንቺ እጠብቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

ለይኩን


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለለይኩን

ጤና ይስጥልኝ። «መሪጌታ» የሚለውን ከስምዎ ላይ ማንሣትዎን አይቻለሁ፤ እኔም በጻፉት መሠረት ጠራሁዎ።

የመድኃኒቱን ነገር አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ገዝተውት ነበር ከሚሉኝ ሳይገዙት ቢቀሩ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤዎን አጥፌ ካስቀመጥሁት በኋላ ሁለት ሳምንት አላነሣሁትም። ይቅርታውን ቢጽፉትም መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ይኖረኝ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ሊኖረኝ ይገባል ተብሎ ቢነገረኝም አልቸኩልም።

ፊደል ያስቆጥሩ። ልጆቹ ምን በደሉ? ዜማ ግን ከእርስዎ አይማሩ። በሕዝብ ፊት መቆምዎን ሰምቻለሁ፤ የሚገባ ነው፤ ከሚገባ በላይ ግን አይደለም።

ስለ ልጄ። ደውሎልኝ ብዙ አለቀሰ፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ጥፋቴ ነው፤ እርስዎን ላለማዋረድ ስል ልጄን አሳስቼዋለሁ። ይንፋ ወይም አይንፋ ብዬ አላዘዝሁትም። የተማረው ከአያቱ ነው፤ የሚያደርገውን ራሱ ይወስን አልኩ። ከሐሌታ ጋር ግን በስልኩ አገናኝቶኝ «ማዘር፣ እኔ ዝም ማለት አልወድም» ብትለኝ ሳቅሁ። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ቦታው ባዶውን ይኑር ብለው የለመኑኝን ብዙ አሰብሁበት። ከለመኑኝ ሁሉ የከበደኝ እርሱ ነው። አባቴ ያንን ቦታ ለእርስዎ ብለው ባዶ አስቀሩት፤ እኔም ባዶ አስቀረሁት፤ ልጄም ሳያውቅ አስቀረው። ለአንድ ለሄደ ሰው ሦስታችን ዝም አልን።

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ግቢው መካከል ቆምኩ። ወራቱ ጽጌ አይደለም፤ አውቃለሁ፤ ሥርዓት አፍርሻለሁ። የአባቴን ዜማ ከመጀመሪያ አነሣሁት። ያቺ ቦታ ስደርስ አላቆምኩም። ራሴ ተቀበልኩት። ድምፄ እንደ ፈራሁት የሴት ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ በቂ ድምፅ ነበር። ሔርሜላ ነጠላዋን እንደ ያዘች በሯ ላይ ቆማ «እማማ፣ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት።

ይህን የምጽፍልዎ እንዲያውቁት ነው። ያ ቦታ ከእንግዲህ እርስዎን አይጠብቅም።

ፋና ክንፈ